ሁለት ፊርማ የሚጠይቀው ቴሌቪዥን፦ አርቴ ከየት መጣ፣ አሁንስ ለምን መነጋገሪያ ሆነ?

ጀርመን አገር ቤት ተከራይቶ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። በወር 18.36 ዩሮ ይክፈሉ የሚል ነው። በሦስት ወር አንዴ ሲከፈል 55.08 ዩሮ ይመጣል። ሰውየው ቴሌቪዥን ባይኖረውም ይከፍላል፤ ሬዲዮ ባይሰማም ይከፍላል። ክፍያው የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ሦስት ሰው አንድ ቤት ተጋርቶ ቢኖር አንድ ክፍያ ይበቃል። «ቴሌቪዥን የለኝም እኮ» ብሎ መጻፍም ምንም አይለውጥም።

ከዚህ ክፍያ በወር ከ1 ዩሮ የምታንሰው ሳንቲም አርቴ ወደሚባል ጣቢያ ትሄዳለች። አርቴ ጀርመንና ፈረንሳይ በጋራ ያቋቋሙት የባህል ቴሌቪዥን ነው። ማስታወቂያ አይሸጥም። ሥራው ዘጋቢ ፊልም፣ ኦፔራ፣ ቴአትር፣ የጥበብ ሲኒማና የዓለም ጉዳይ ትንታኔ ነው።

ይህ ጣቢያ ከ2024 ወዲህ በሦስት አቅጣጫ ስሙ ይነሳል። ጀርመን ውስጥ የቤት ለቤቱን ክፍያ ከፍ እናድርግ አናድርግ የሚለው ሙግት ፍርድ ቤት ደርሷል። እዚያው ጀርመን ሌላ የባህል ጣቢያ አርቴ ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ደግሞ በኤፕሪል 2024 በሶርቦን ባደረጉት ንግግር አርቴ የአውሮፓ ዋነኛ የቪዲዮ መድረክ እንዲሆን ጠይቀዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል ግን ጣቢያው የማን እንደሆነ እንኳ በደንብ የሚያውቅ ብዙ አይደለም።

የማን ነው?

ፓሪስ ላይ ብትጠይቁ የፈረንሳይ ጣቢያ ነው ይሏችኋል። በርሊን ላይ ደግሞ የጀርመን ይሆናል። ከሩቅ የሚያየው የአውሮፓ ኅብረት ቴሌቪዥን ይመስለዋል። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

አርቴ ሦስት ቤት አለው። አንዱ ፓሪስ አጠገብ ያለው አርቴ ፈረንሳይ ነው። ሌላው ባደን ባደን ከተማ ያለው አርቴ ጀርመን ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ኤ.አር.ዲ. እና ዜድ.ዲ.ኤፍ. የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ የጀርመን የሕዝብ ማሰራጫዎች ናቸው፤ እኩል ይካፈሉታል። ሦስተኛው ቤት ስትራስቡርግ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት፣ ፕሮግራሙ ተሰናድቶ ወደ አየር የሚወጣበት ማዕከል። ከፕሮግራሙ በግምት 40 በመቶ ከፈረንሳይ፣ 40 በመቶ ከጀርመን፣ የቀረው ከስትራስቡርግና ከሌሎች አገሮች አጋር ጣቢያዎች ይመጣል። ሊቀመንበሩ አንዴ ፈረንሳዊ፣ አንዴ ጀርመናዊ ይሆናል።

የስትራስቡርጉ ማዕከል ሕጋዊ ቅርጽ «የአውሮፓ የኢኮኖሚ ጥቅም ማኅበር» የሚባለው ነው። ይህ በ1985 በወጣ የአውሮፓ ደንብ የተፈጠረ የድርጅት ዓይነት ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ ድርጅቶች ማንነታቸውን ሳያጡ አንድ የጋራ ሥራ እንዲሠሩ ያስችላቸዋል። ደንቡ የወጣው ለንግድ ሥራ ነበር። ቴሌቪዥን ይቆምበታል ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

ተመልካች ያልነበረው ጅምር

ታሪኩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ በ1986 ነው። የሶሻሊስቶቹ መንግሥት ምርጫ ከመሸነፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ላ ሴት የሚባል የባህል ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት ተቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ምሁሩ ዦርዥ ዱቢ ነበሩ። ላ ሴት ጥሩ ጥሩ ፊልም ያሠራል፣ ይገዛል፣ ያከማቻል። የሚያሳይበት ግን የለውም። በ1989 በሳተላይት መሰራጨት ሲጀምር፣ ያን ሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ኋላ ላይ ኤፍ.አር.3 የሚባለው ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ለቀቀለት።

ነገሩን ከፈረንሳይ ድንበር ያሻገረው ፖለቲካ ነው። በኖቬምበር 1988 ቦን ላይ በተደረገው የሁለቱ አገሮች ጉባኤ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራንና ቻንስለር ሄልሙት ኮል የጋራ የባህል ጣቢያ እንዲኖር ተስማሙ። በፈረንሳይ በኩል የባህል ሚኒስትሩ ዣክ ላንግ፣ በጀርመን በኩል የባደን ቩርተምበርግ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሎታር ሽፔት ሐሳቡን ገፉት። የሁለት ዓመት ድርድር ከተደረገ በኋላ ኦክቶበር 2 ቀን 1990 በርሊን ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ቀኑን ልብ በሉ። ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን የተዋሐዱት በማግሥቱ ነው።

ቻንስለሩ ለምን አልፈረሙም?

ከፈረንሳይ ወገን የፈረመው መንግሥት ነው። ከጀርመን ወገን የፈረሙት ግን በወቅቱ የነበሩት 11ዱ የምዕራብ ጀርመን ክልሎች ናቸው። ቻንስለሩ ተስማሙ እንጂ መፈረም አይችሉም ነበር።

ምክንያቱ የናዚ ዘመን ነው። ያ መንግሥት ሬዲዮን የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ አድርጎት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ባህልና ስርጭት ከማዕከላዊው መንግሥት እጅ ወጥቶ ለክልሎች ተሰጠ። ቻንስለር ኮንራድ አደናወር በፌደራል መንግሥቱ ሥር አንድ ቴሌቪዥን ለማቆም ሲሞክሩ ክልሎች ከሰሷቸው። የካርልስሩኸው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 1961 ለክልሎቹ ፈረደ። ክልሎቹም በዚያው ዓመት በመካከላቸው ውል ፈርመው ዜድ.ዲ.ኤፍ.ን አቋቋሙ።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በአገራችን የሚታወቀው የጀርመን ማሰራጫ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው ዶይቸ ቬለ ነው። ዶይቸ ቬለ ለውጭ አድማጭ የተቋቋመ ስለሆነ በጀቱ ከፌደራል መንግሥቱ ግብር ነው የሚመጣው። ለአገር ውስጥ ተመልካች የሚያሰራጩት ግን በክልሎቹ ውልና በዚያ በቤት ለቤት ክፍያ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም «የጀርመን ቴሌቪዥን» ይባላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ይህ አሠራር አርቴ ላይ ያመጣው መዘዝ ቀላል አይደለም። ከጀርመን ወገን አንድ ትልቅ ነገር ለመለወጥ አንድ መንግሥት ማሳመን አይበቃም። ዛሬ 16 ክልሎች አሉ። ከዚያ ደግሞ ፓሪስ አለች። ስምምነቱ ሌላም ነገር ይዟል፦ የመሥሪያ ቤቱ መቀመጫ በሆነችው ፈረንሳይ ያለው የስርጭት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንኳ በአርቴ ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ሚኒስትር በፕሮግራም ተናዶ ስልክ ቢያነሳ፣ ቁጣው የሚደርሰው እሱ ብቻውን ወደማያዝዘው ቤት ነው።

ድንበር ላይ የቆመ ቤት

መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ በ1871 ከፈረንሳይ ወደ ጀርመን ዞረች። በ1918 ተመለሰች፤ በ1940 ናዚዎች ያዟት፤ በ1944 ነጻ ወጣች። በ1870 እዚያ ተወልዶ 75 ዓመት የኖረ ሰው ከሰፈሩ ሳይነቃነቅ አራት ጊዜ ባንዲራ ተለውጦበታል። በእንዲህ ያለ ከተማ የጋራ ቴሌቪዥን መትከል ራሱ አንድ ንግግር ነው። ዛሬ ሕንፃው ከአውሮፓ ፓርላማ ብዙም ሳይርቅ ኢል ወንዝ ዳር ቆሟል።

ድርጅቱ በኤፕሪል 1991 ተመሠረተ፤ ስርጭቱ ሜይ 30 ቀን 1992 ተጀመረ። ያኔም ቢሆን ፈረንሳይ ውስጥ የሚያየው ትንሽ ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላ ሳንክ የሚባለው የግል ጣቢያ ከስሮ ተዘጋ። መንግሥት ባዶ የቀረውን አምስተኛ መስመር ለአርቴ ሰጠው። ከሴፕቴምበር 28 ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መስመሩ የአርቴ ሆነ። ቁጣ ተነሳ። ትናንት ብዙ ሰው የሚያየው ጣቢያ በነበረበት ቁጥር ላይ ዛሬ የጀርመን ቴአትር ከነትርጉሙ መጣ። «የምሁራን ቴሌቪዥን» የሚለው ስም ያኔ ተለጠፈበት፤ እስካሁንም አልለቀቀውም።

ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አልተገኘም። አርቴ በኬብልና በሳተላይት ብቻ ገባ። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለው የተመልካች ድርሻ 3 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጀርመን ውስጥ ከ1 በመቶ ብዙም የማያልፈው በከፊል ለዚህ ነው። ጀርመኖች የባህል ፍቅር ስላነሳቸው አይደለም። አማራጩም እዚያ ብዙ ነው።

በሁለት ቋንቋ መሥራት ምን ይመስላል?

ትልቁ ችግር ቋንቋው ይመስላል። የመጀመሪያው ራስ ምታት ግን ሰዓት ነበር። ጀርመን ውስጥ ልክ በምሽቱ 2 ሰዓት የኤ.አር.ዲ. ዜና ይጀምራል። ሩብ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ 2፡15 ሲል አገሩ በሙሉ የማታውን ፊልም ይጠብቃል። ፈረንሳይ ውስጥም ዜናው በ2 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ነገር ግን ይረዝማል። የማታው ፊልም 3 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ፊልም ለሁለቱ በአንድ ሰዓት ብታሳይ ወይ ጀርመኑ መጀመሪያውን ሲጠብቅ ይሰለቻል፣ ወይ ፈረንሳዩ እራት ላይ ሳለ ያመልጠዋል። ዛሬ ለሁለቱ አገሮች የሰዓት ሰሌዳው ተለያይቷል። የጋራ ጣቢያ ነው ሲባል እንግዲህ በአንድ ደቂቃ አንድ ነገር ያያሉ ማለት አይደለም።

ቋንቋው በትርጉም ድምፅና በጽሑፍ ትርጉም ይፈታል። አንድ የጀርመን ገበሬ ፈረንሳይ ላይ ሲናገር ድምፁ ከሥር ይሰማል፤ ተርጓሚው ከላይ ይናገራል። ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል። ቀልድ ግን እንዲህ አይሻገርም።

ከ2004 ጀምሮ እሑድ ማታ የሚቀርበው «ካራምቦላዥ» የሚባለው አጭር ፕሮግራም ይህንኑ ችግር ሥራ አደረገው። ያዘጋጀችው ክሌር ዱትሪዮ ናት። ፕሮግራሙ አንዲት ትንሽ ነገር ያነሳል፤ የዳቦ ዓይነት፣ የሰላምታ ቃል፣ የትምህርት ቤት ደብተር። አንዱ አገር ያለችውን ሌላው ለምን እንደሌለው በሥዕልና በቀልድ ያስረዳል። መጨረሻው ላይ እንቆቅልሽ አለ። ከመንገድ ላይ የተቀረጸ አጭር ምስል ይታያል፤ ተመልካቹ ፈረንሳይ ይሁን ጀርመን መገመት አለበት። ፍንጩ አንዳንዴ የፖስታ ሳጥን ቀለም ነው፣ አንዳንዴ የመንገድ ምልክት። አርቴ በትልልቅ የአውሮፓ ንግግሮች ያልቻለውን ይህ ፕሮግራም በዳቦ ችሎታል ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

ሁለት አገር አብሮ ሲሠራ ግጭትም አለ። በ2017 ስለ ፀረ አይሁድ ጥላቻ የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ ስትራስቡርግ ሲደርስ አርቴ አላሳይም አለ። የቀረበው ሥራ፣ ፕሮግራም የሚያጸድቀው የሁለቱ ወገኖች የጋራ ጉባኤ ከተቀበለው ዕቅድ የተለየ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ተቃዋሚዎች ይህ ሰበብ ነው፣ የፖለቲካ ፍርሃት ነው አሉ። አንድ የጀርመን ጋዜጣ ፊልሙን በድረ ገጹ ለአንድ ቀን ለቀቀው፤ በመጨረሻም በጁን ወር በኤ.አር.ዲ. ታየ። ፊልሙ ራሱ ስሕተት አለበት የሚሉም ነበሩ፤ ሲተላለፍም ከእርማትና ማብራሪያ ጋር ነበር። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ወደ ጎን እንተወው። ክስተቱ አንድ ነገር ያሳያል፦ በአርቴ አንድ ሥራ ወደ አየር የሚወጣው የጋራ ጉባኤው ባጸደቀው ዕቅድ ነው። ይህ ከውጭ ጫና ይጠብቃል። ከውስጥ ደግሞ ሥራን ሊያግድ ይችላል።

ለጥቂቶች ነው የሚለው ወቀሳ

ለዚህ ሁሉ ድካም 3 እና 1 በመቶ ተመልካች ይበቃል ወይ? ወቃሾቹ ሁሉም የሚከፍልበትን ጥቂቶች ያዩታል ይላሉ። ነጥቡ ቀላል አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋም የዩኒቨርሲቲ መምህሩም እኩል 18.36 ዩሮ ነው የሚከፍሉት። ማታ ማን ኦፔራ እንደሚያይ ግን መገመት ይቻላል።

ደጋፊዎቹ ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው፣ የአርቴ ሥራ በቴሌቪዥን ሰዓት ብቻ አይለካም የሚል ነው። ጣቢያው ፊልም ያስተላልፋል ብቻ ሳይሆን ገና በጽሑፍ ሳለ ገንዘብ ያወጣበታል። ማስታወቂያ የሚሸጥ ጣቢያ የማይነካቸውን ፊልሞች እዚህ ቀድሞ የሚገዛቸው ያገኛሉ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። አርቴ ያለፉ ፕሮግራሞችን በድረ ገጽ በነጻ ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው። ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ ሌላ በ2015 እንግሊዝኛና ስፓኒሽ፣ ቀጥሎ ፖላንድኛ፣ በ2018 ጣሊያንኛ ጨመረ። ለነዚህ ቋንቋዎች ትርጉም የአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ይሰጣል። የኅብረቱ ቴሌቪዥን ነው የሚለው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

እኔ ሁለተኛውን መልስ የበለጠ እቀበለዋለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚቀርብ ዘጋቢ ፊልም የሚያየው ጥቂት ነው። ያው ፊልም በስልክ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በፈለጉት ሰዓት ሲሆን ሌላ ተመልካች ያገኛል። ሁሉም ነገር በሁሉም አገር አይከፈትም፤ የማሳያ መብት የተገዛው ለጥቂት አገሮች ብቻ ሊሆን ይችላል።

3ሳት ለምን ዝም ብሎ አይገባም?

ድንበር ተሻጋሪ የባህል ጣቢያ አርቴ ብቻ አይደለም። 3ሳት በ1984 በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫዎች ተቋቁሟል። ጀርመንኛ ተናጋሪውን ያገለግላል። በ2024 የጀርመን ክልሎች ወጪ እንቀንስ ብለው ሲመክሩ፣ ሁለት የባህል ጣቢያ ምን ያደርጋል፣ 3ሳት አርቴ ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ መጣ። ጸሐፍት፣ ሙዚቀኞችና ተመልካቾች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ።

በወረቀት ሲታይ ቁጠባ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ያው የሁለት ፊርማ ጉዳይ ይመጣል። አርቴ የጀርመን ብቻ ስላልሆነ ክልሎቹ አንድ ጣቢያ አንስተው ውስጡ ሊከቱት አይችሉም። ፈረንሳይ መስማማት አለባት። የቪየና ካባሬ (የመድረክ ቀልድና ዘፈን) ሰዓቱን ቢሞላው ፓሪስ ምን ትጠቀማለች? ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ደግሞ የአርቴ ባለቤቶች አይደሉም፤ የነሱ ጉዳይ ማን ዘንድ ይሰማል? የማክሮንን ሐሳብ የሚገጥመውም ይኸው ነው። ጣቢያውን ከመንግሥት እጅ የጠበቀው አሠራር ከሁለት አገር ወደ 27 እንዳያድግ ያከብደዋል። በሁለት ቋንቋ የሚደረግ ድርድር በ24 ቋንቋ ሲሆን ምን እንደሚመስል ብራስልስን ያየ ያውቃል።

ሁለቱ ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። የአርቴ ባላዎች ግን እርስ በርስ የታሰሩ ናቸው። ሁለቱ አገሮች ለስትራስቡርጉ ማዕከል የሚያዋጡት እኩል ነው። አንዱ ከቀነሰ ሌላው ብቻውን አይጨምርም። ስምምነቱ ጣቢያውን መዝጋት ያከብዳል እንጂ ምን ያህል ገንዘብ ይሰጠው የሚለውን አይወስንም። ስለዚህ ማዘጋት ያቃተው ማስራብ ይችላል።

ፈረንሳይ ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ቤተሰብ በዓመት 138 ዩሮ ይከፍል ነበር። በ2022 ክፍያው ተሰረዘ። ሕዝቡ ደስ አለው። በምትኩ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ገቢ ድርሻ ይመደባል። ልዩነቱ ወዲያው አይታይም። ድሮ ገንዘቡ ስሙ ተጽፎበት ይመጣ ነበር፤ አሁን መጠኑ በየዓመቱ በጀት ሲወጣ ፓርላማ ፊት ይቀርባል፤ ከሆስፒታልና ከመከላከያ ጋር ይሻማል። የማሪን ለ ፔን ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ደግሞ የሕዝብ ማሰራጫዎችን ወደ ግል ማዞር ይፈልጋል።

ጀርመን ውስጥ አሠራሩ ሌላ ነው። አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን ስንት ያስፈልጋል የሚለውን አስልቶ ያቀርባል፤ 16ቱም ክልሎች ማጽደቅ አለባቸው። በ2020 መጨረሻ ክፍያው ከ17.50 ወደ 18.36 እንዲያድግ ሲቀርብ 15ቱ ተስማሙ፤ ዛክሰን አንሃልት ብቻዋን አገደችው። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2021 ጭማሪው ተግባራዊ ይሁን አለ። ኮሚሽኑ ከ2025 ጀምሮ 18.94 ይሁን ሲል ክልሎቹ በጊዜው አላጸደቁትም። ኤ.አር.ዲ. እና ዜድ.ዲ.ኤፍ. በኖቬምበር 2024 እንደገና ካርልስሩኸ ሄዱ።

የተጣሉት በወር በ58 ሳንቲም ነው። ከዚያች ላይ የአርቴ ድርሻ ጥቂት ሳንቲም ቢሆን ነው። ስትራስቡርግ ያሉት የፕሮግራም ሰዎች ግን የሚቀጥለውን ዓመት ሰሌዳ ሲያወጡ አንድ ዓይናቸው ካርልስሩኸ ላይ ነው፤ ሌላው በየዓመቱ መጸው የፈረንሳይ ፓርላማ በሚከራከርበት በጀት ላይ።